ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ፤



«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት፣ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነበር። እኔ ግን ተረቱን ዛሬ የማነሣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ዓይኑ የታመመ ሰው በመስተዋት ያየዋል፤ ጥርሱ የታመመም አፉን ከፍቶ ያሳያል። የጆሮ ውስጥ ግን ለባለቤቱም ለእናቱም አይታይም። ከዚህ የተነሣ በከተማችን የጆሮ ሕመም የሚገጥመው ዕድል ከሁለት አንዱ ሆኗል። ወይ «የልጅ ጆሮ መፍሰሱ ያለ ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ለዓመታት ይተዋል፤ ወይም ነገሩ ከፍቶ ድንጋጤ ሲመጣ ቤተ ሰቡ ባንድ ጊዜ ተነሥቶ «ኤምአርአይ ይነሣ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ዋጋው ያነሰ ጥቅሙ ግን የበለጠ መንገድ ተረስቷል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ስለ ሆነ፣ ያየሁትን አስቀድሜ ልናገር።

የምኖረው በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ማርያም ግርጌ ነው። ባለፈው ዓመት ከማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ስጠራው አይሰማኝም፤ ስጠይቀውም ካልጠየቅሁት ነገር ጋር የሚገናኝ መልስ ይሰጣል፤ ክፍሉም ይስቃል። እኔም ልጁ አሳቡ ሌላ ቦታ ነው ብዬ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ልቆጣው ቀረብ ስል ከግራ ጆሮው በኩል ክፉ ሽታ ሸተተኝ። ጆሮውን በጥጥ ደፍኖት ኖሮ ጥጡ ርሷል። ያን ቀን ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ገባኝ።

እናቱን አስጠራሁ። ጥጥ እየፈተሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በማቅረብ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። «መምህር፣ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ እኮ ይፈስሰዋል፤ ሲያድግ ይተወዋል ብለውኝ ነው የተቀመጥሁት» አሉኝ። ዘይት አሙቀው ጨምረውበታል፤ ነጭ ሽንኩርት ጨምቀውበታል፤ በዶሮ ላባ ጠርገውለታል፤ ጸበልም አስጠምቀውታል። በመጨረሻ ልጁን እያዞረ ሲጥለው ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ «ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ኤምአርአይ ይነሣ» ቢላቸው፣ የዕቁብ ዳኛቸውን ለምነው ዕጣው ቀድሞ እንዲወጣላቸው አድርገው ወደ አንድ ምርመራ ቤት ወስደውት ነበር። እዚያም ገንዘቡን ተቀብለው ጭንቅላቱን አነሡትና «አንጎሉ ደኅና ነው» አሏቸው። በወረቀቱ ግርጌ ከግራ ጆሮው ኋላ ባለው አጥንት ውስጥ ፈሳሽ እንዳለ የምትናገር አንዲት መስመር በእንግሊዝኛ ተጽፋ ኖሯል፤ የተረጐመላቸው ግን አልነበረም። ጆሮውን በመብራት ያየውም አንድ ሰው አልነበረም።

ሥዕሉን ይዘን ከአንድ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ሐኪሙም ትልቁን ፖስታ ወደ ጎን አኑረው፣ መግሉን በመምጠጫ ካጸዱ በኋላ በማጉያ መነጽር ተመለከቱ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። «የጆሮው ታምቡር ከላይኛው ጥግ ተቦርቡሯል፤ ነጭ ቅርፊትም ይታየኛል፤ ይህ ኮሌስቲያቶማ ይባላል» አሉን። እናቲቱም «ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልሁበት ሥዕል ስለምን ይህን አልነገረኝም?» ሲሉ ጠየቁ። ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው ለዚህች ጥያቄ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የጆሮን አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከታምቡሩ በስተ ውስጥ፣ አየር የሞላባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። መካከለኛው ጆሮ የሚባለው ይህ ነው። በውስጧም በመዶሻ፣ በመስፍና በእርካብ የተመሰሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው የታምቡሩን ንዝረት ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሳሉ። እርካቡ ከሰው አጥንት ሁሉ የሚያንስ ሲሆን ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህች ክፍል ከጉሮሮ ጀርባ ጋር በቀጭን ቧንቧ ትገናኛለች። በልጆች ይህ ቧንቧ አጭርና የተጋደመ ስለ ሆነ ጉንፋን ሲይዛቸው ሕመሙ በቀላሉ ወደ ጆሮ ይሻገራል። በእኛ ሰፈር «የእንጦጦ ብርድ መታው» የሚባለው ብዙው ነገር እንግዲህ በውጪ በኩል የገባ ብርድ ሳይሆን በጉሮሮ በኩል የገባ ሕመም ነው።

ሕመሙ በጊዜው ካልታከመ ታምቡሩ ይቀደድና መግል መፍሰስ ይጀምራል። ፍሳሹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የዓለም ጤና ድርጅት የከረመ የመካከለኛ ጆሮ ሕመም ብሎ ይቈጥረዋል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዓለም ላይ ጆሯቸው የሚፈስሰው ሰዎች ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ከእነዚህም ከመቶ 60 ያህሉ የመስማት ጉድለት አለባቸው ሲል ገምቷል። እንግዲህ ከእነዚህ መካከል ስንቱ በየክፍሉ የኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰነፍ ተብሏል?

ኮሌስቲያቶማ የተባለው ደግሞ የከፋው ዐይነት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1838 ያወጣው ዮሐንስ ሙለር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ስሙ እንደሚመስለው የኮሌስትሮል እብጠት አይደለም፤ ካንሰርም አይደለም። በውጪ መሆን የሚገባው ቆዳ ወደ መካከለኛው ጆሮ ገብቶ፣ በዚያም ቅርፊቱን እያራገፈና እያከማቸ ሲያድግ ነው። እያደገም የአጠገቡን አጥንት ይበላል። ሦስቱን አጥንቶች ከበላ ሰው መስማት ይሳነዋል፤ የሚዛን መጠበቂያውን ከነካ ያዞራል፤ የፊት ነርቭን ከነካ ፊት ይጣመማል፤ ወደ ላይ ከወጣም ማጅራት ገትርንና በአንጎል ውስጥ የሚቋጠር መግልን ያመጣል። የአጥንቶቹ ሰንሰለት ሲቋረጥ የሚጠፋው የመስማት ኃይል እስከ 60 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። የሰው ተራ ንግግርም ኃይሉ እንዲሁ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። በሁለቱም ጆሮው እንዲህ የተጎዳ ልጅ፣ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ዘንድ ቆሞ ሲናገር የሚያየው የከንፈሩን መንቀሳቀስ ብቻ ነው ማለት ነው። መድኃኒት ይህን ሕመም አያጠፋውም፤ የሚወገደው በቀዶ ሕክምና ነው።

አሁን ወደ ኤምአርአይ ልመለስ። ይህ መሣሪያ የዘመናችን ታላቅ ሥራ ለመሆኑ ክርክር የለኝም። ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር አያሳልፍም። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት 1.5 ቴስላ የሚባለው የመግነጢስ ኃይል ከመሬት መግነጢስ ከ20 ሺህ እጅ በላይ ይበልጣል። በዚህ ኃይል በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን አሰልፎ፣ በራዲዮ ሞገድ ነቅንቆ፣ ሲመለስ የሚሰጠውን ምልክት ወደ ሥዕል ይለውጣል።

እንግዲህ ልብ ይባልልኝ። መሣሪያው የሚያየው ውኃ ያለበትን ነው። ጤነኛ መካከለኛ ጆሮ ደግሞ አየርና አጥንት ነው። አየርም ጠንካራ አጥንትም በኤምአርአይ ሥዕል ላይ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ስለዚህ አጥንቱ መበላቱን ለማወቅ የሚሻለው ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካን ግን በበኩሉ አጥንቱን አጥርቶ ሲያሳይ፣ ክፍሏን የሞላው ነገር መግል ይሁን፣ ጠባሳ ይሁን፣ ኮሌስቲያቶማ ይሁን ለይቶ ለመናገር ይቸገራል። ይህን የሚለየው፣ ዲፊውዥን የሚባለው ልዩ የኤምአርአይ አነሣሥ ነው። በኮሌስቲያቶማው ቅርፊት ውስጥ ውኃ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ስለማይችል ያ ስፍራ በሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል።

ዳሩ ግን ዲፊውዥንም ሁሉ አንድ አይደለም። ለአንጎል ምርመራ በተለምዶ የሚነሣው ፈጣኑ ዐይነት፣ አየርና አጥንት በሚገናኙበት በጆሮ አካባቢ ሥዕሉ ይጣመምበታል፤ ቁራጮቹም ወፋፍራም ስለ ሆኑ ትንሹን ነገር ያልፉታል። ለጆሮ የሚሆነው ጠበብ ባለ ቁራጭ፣ ሌላውን የዲፊውዥን ዐይነት ተጠቅሞ የሚነሣው ነው። እርሱም ቢሆን ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰውን ሊስተው ይችላል። የእናቲቱ ጥያቄ መልስ ይኸው ነበር። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ። የተጠየቀው ግን ስለ አንጎል ነበር እንጂ ስለ ጆሮ አልነበረም፤ የጠየቀውም ሐኪም ሳይሆን ጎረቤት ነበር።

ልጁ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ፍሳሹ ቆሟል። ማዞሩም ትቶታል። አጥንቶቹ ግን አስቀድመው ተበልተው ስለ ነበር የግራ ጆሮው እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፤ ውጤቱም ተሻሽሏል። የሚያሳዝነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኮሌስቲያቶማ ከተወገደም በኋላ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ቀድሞ ሐኪሞች ይህን ለማረጋገጥ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ጆሮውን እንደ ገና ይከፍቱት ነበር። ዛሬ ግን ያ ልዩ የኤምአርአይ አነሣሥ በሚገኝበት አገር ብዙ ሕሙማን ከሁለተኛው ቢላዋ ድነዋል። ለእኛም ልጅ ሐኪሙ ያዘዙለት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ኤምአርአይ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ ደረሰ፤ የዕቁቡ ገንዘብ ግን አስቀድሞ በማያስፈልገው ሥዕል አልቋል። እናቲቱም አሁን ለሁለተኛው ሥዕል እየፈተሉ ነው።

ይህ የአንዲት ድኻ ሴት አለማወቅ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የተማርን ነን የምንለው የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ከዚህ አንሻልም። በየሻይ ቤቱ «አመመኝ» ላለ ባልደረባችን ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው «ኤምአርአይ ተነሣህ?» ብለን ነው፤ ማን መረመረህ ብለን አይደለም። ትልቁን ፖስታ በብብቱ ይዞ የሚሄድ ሰው የታከመ ይመስለናል። ሥዕል ግን ሕክምና አይደለም። ሐኪም አይቶ፣ ጠይቆ፣ ዳስሶ፣ የጠረጠረውን ነገር ለማረጋገጥ የሚያዝዘው ምስክር ነው። ክስ ሳይመሠረት ምስክር የሚጠራ ዳኛ አይተን እናውቃለን?

«መሣሪያው በየሆስፒታሉ ቢበዛ ይህ ሁሉ ችግር በተወገደ ነበር» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። መብዛቱን እኔም እሻለሁ። ይሁን እንጂ የሚፈስስ ጆሮ ካላቸው ልጆች የአብዛኞቹን ሕመም ለማወቅ የሚበቃው በእጅ የሚያዝ የጆሮ ማያ መብራትና የሠለጠነ ዓይን ነው። ለማከምም ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጆሮውን ማጽዳት፣ ማድረቅ፣ ሐኪም ያዘዘውን ጠብታ በሥርዐቱ መጨመር ነው። ጠብታውንም ቢሆን ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መጨመር አይገባም፤ ታምቡሩ በተቀደደ ጆሮ ውስጥ ሲገቡ መስማትን የሚጎዱ ጠብታዎች አሉና። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት ነርስ በየጊዜው እያሰለፉ በትንሽ መብራት ጆሯችንን ያዩ ነበር። እኛ ልጆች እንደ ቀልድ ቈጥረን እንሥቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የሚበልጥ ምርመራ በዚያ ዕድሜ አላስፈለገንም ነበር።

ስለ ጸበልም አንድ ቃል ልናገር፤ በሰፈሬ ያለ ነገር ስለ ሆነ ዘልዬው ማለፍ አልችልም። ወደ እንጦጦ ማርያም ከየአገሩ ሕሙማን ይመጣሉ። የማንንም እምነት ለመንካት አልሻም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ አስተምረዋል። ለጆሮም ይኸው ምክር ይሠራል። ታምቡሩ በተቀደደ ጆሮ ውኃ ሲገባ ፍሳሹ ይቀሰቀሳል። ስለዚህ የሚጠመቅም ሆነ ገላውን የሚታጠብ ልጅ ጆሮው በቫዝሊን በተለወሰ ጥጥ ተደፍኖ፣ ሲያበቃ ጥጡ ወጥቶ ጆሮው ቢደርቅ ጸበሉም አይቀርበት፤ ጆሮውም አይጎዳ። አባቶች ካህናትም ይህን ቢናገሩ ከእኛ ከመምህራን ይልቅ ይሰማሉ።

እንግዲህ በበኩሌ ቢደረግ የምለው ይህ ነው።

አንደኛ፤ በመስከረም ትምህርት ሲከፈት አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች ሁሉ ጆሯቸው ይታይ። ይህ እስኪሆን ድረስ እኛ መምህራን ማድረግ የምንችለው አለ። ከተማሪው ኋላ፣ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ቆሞ፣ አንዱን ጆሮ አስደፍኖ፣ ጥቂት ቃላትን በሹክሹክታ ተናግሮ «ድገመው» ማለት ገንዘብም ባለሙያም አይጠይቅም። ያልደገመውን ልጅ ከፊት ማስቀመጥና ወላጁን መጥራት ነው። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያን ልጅ ሁለት ጊዜ ባላስወጣሁት ነበር።

ሁለተኛ፤ በየጤና ጣቢያው ባትሪው ያላለቀ የጆሮ ማያ መብራትና በእርሱ ማየት የሚያውቅ ሠራተኛ ይኑር። በሁለት ሳምንት ሕክምና ያልደረቀ፣ የሚሸት፣ ወይም ማዞርና የፊት መጣመም ያለበት ጆሮ ሳይውል ሳያድር ወደ ልዩ ሐኪም ይላክ። በዚሁ በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የዚህ ሙያ ሐኪሞች ያሉበትና የሚሠለጥኑበት ነው፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ማንኛውም የምርመራ ቤት፣ የየትኛው ጆሮ እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ተጠረጠረ፣ ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎ እንደ ሆነ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ካልቀረበለት ስለ ጆሮ ኤምአርአይ አያንሣ። ውጤቱንም ሲሰጥ ለባለ ጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ይንገር።

አራተኛ፤ ኤምአርአይ ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ለጆሮ የሚሆነውን የዲፊውዥን አነሣሥ ያስገቡ፤ ባለሙያዎችም ይሠልጥኑበት። ይህ በብዙ ስፍራ አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ ባለው ላይ ሊጨመር የሚችል ነገር ነው። ወረፋውም ሲሰጥ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሕመሙ መመለሱ የሚጠረጠርባቸውና ወደ አንጎል መዛመቱ የሚያሠጋባቸው ይቅደሙ።

በጀት የሚመድቡት፣ ዕቃ የሚገዙት፣ ደብዳቤ የሚፈርሙት የዚህ ጋዜጣ አንባብያን ናቸውና፣ ነገሩን በጆሮ ዳባ ልበስ እንዳያልፉት ዐደራ እላለሁ። ማታ ወደ ቤታቸው ሲገቡም ልጆቻቸውን ከኋላ ሆነው በዝግታ ይጥሯቸው። ዞሮ ያላያቸው ልጅ ካለ ከመቆጣታቸው በፊት ጆሮውን ያሳዩለት።

አክባሪዎ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከእንጦጦ ማርያም፣ ጉለሌ